ስለ ገጠሩ ትምህርት ቤት የተጠናው ለገጠሩ ይመለስ

በየዓመቱ አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው ከጸዳ በኋላ፣ ወደ ብዙ የገበሬ ማኅበሮች አንድ እንግዳ ብቅ ይላል። በእጁ ሁለት ደብዳቤ ይዟል፤ አንዱ ከዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛው ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ጥያቄው አጭር ነው፤ የሁለተኛ ዲግሪ ማሟያ ጽሑፍ ስለሚያዘጋጅ በቀበሌው ትምህርት ቤት ስላለው የመማርና የማስተማር ሁኔታ መረጃ እንዲሰበስብ ትብብር እንዲደረግለት ነው። ሊቀ መንበሩ ደብዳቤውን ያነባል፤ ስድስት ሰባት ወላጆች እንዲጠሩለት ያዛል። እንግዳው ሦስት አራት ቀን ይጠይቃል፣ ይጽፋል፣ አመስግኖ ይሄዳል። በዚያው ይቀራል።

መሪዎች ዛሬ ሊያስቡበት የሚገባው ይህ «በዚያው ይቀራል» የሚባለው ነገር ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የገበሬ ማኅበራትን ሲያቋቁም ከሰጣቸው ተግባሮች አንዱ ከመንግሥት ጋር በመተባበር ትምህርት ቤትና ክሊኒክ መሥራት ነበር። ዛሬ አካሉ በሕግ የቀበሌ አስተዳደር ተብሎ ቢጠራም በገጠሩ ሰው አፍ አሁንም ገበሬ ማኅበር ነው። ለትምህርት ቤቱ አጥር እንጨት የሚጠየቀው፣ ለመምህሩ ቤት ጭቃ የሚያቦካው፣ ለቆርቆሮ መዋጮ የሚሰበስበው ይኸው ማኅበር ነው። ቤቱን የሠራው ሕዝብ በቤቱ ውስጥ ተጠንቶ የተገኘውን ሳይሰማ መቅረቱ «የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው» የሚያሰኝ ነው።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1978 ነበር። በዚያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በጣት የሚቆጠሩ ስለ ነበሩ፣ ስለ አንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተብሎ የሚጻፍ የምርምር ጽሑፍም ብርቅ ነበር። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ቁጥር ከ40 በላይ ደርሷል፤ ብዙዎቹም በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራሉ። በተለይም በክረምት መርሐ ግብር ከሚማሩት መካከል ብዙዎቹ ራሳቸው መምህራን፣ ርእሰ መምህራንና ሱፐርቫይዘሮች በመሆናቸው የሚያጠኑት በሚያውቁት ወረዳ ያለውን ትምህርት ቤት ነው። ተማሪ ለምን ይቀራል፣ ለምን ያቋርጣል፣ ሴት ልጅ ከአምስተኛ ክፍል በኋላ ወዴት ትሄዳለች፣ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ማንበብ ያቃተው ለምንድን ነው፣ ወላጅ ከመምህሩ ጋር የሚገናኘው መቼ ነው የሚሉት ሁሉ ይጠናሉ። ጽሑፉ ግን በአብዛኛው የሚዘጋጀው በእንግሊዝኛ ነው። በፈታኝ መምህራን ፊት ይቀርባል፣ ይታረማል፣ ይጠረዛል፣ ቤተ መጻሕፍት ይገባል። ጥያቄውን የመለሰው ገበሬ በማያነበው ቋንቋ፣ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው።

ጉዳዩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፉት ነበር። ነገር ግን በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 896 ሺህ ያህል ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2015 ውጤቱ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ደግሞ 5.4 በመቶ ሆነ። አገሩ ሁሉ በዚህ ቁጥር ደንግጧል፤ ሆኖም ችግሩ በ12ኛ ክፍል የተጀመረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በስምንት ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ከቀረበለት ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ያን ጊዜ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ልጅ ሳይደግምና ሳያቋርጥ ቢሄድ ኖሮ 12ኛ ክፍልን የሚፈተነው ይህ ውድቀት በታየባቸው ዓመታት ገደማ ነው። መሠረቱ የተጣለው በቀበሌው ትምህርት ቤት፣ በአፈር ወለል ላይ ነው። እንግዲህ እንግዳው ተማሪ በየዓመቱ እየመጣ የሚጠይቀው የዚህኑ ውድቀት ሥር ነው።

ጥናት ከሕዝብ ሲሸሸግ ምን እንደሚያስከትል ይህች አገር አንድ ጊዜ አይታለች። በ1964 ዓ.ም. «የትምህርት ሴክተር ሪቪው» የተባለ ሰፊ ጥናት ተካሂዶ ነበር። ጥናቱ ያቀረበው ሐሳብ ለብዙኃኑ ልጆች፣ በተለይም ለገጠሩ፣ አራት ዓመት የሚፈጅ መነሻ ትምህርት ማዳረስን ይጨምር ነበር። ሐሳቡ የሚያከራክር ቢሆንም ሊወያዩበት የሚገባ ነበር። ሰነዱ ግን እስከ 1966 ዓ.ም. አጋማሽ ድረስ ለሕዝብ ሳይገለጽ ቆየ። በመካከሉ ወሬው ቀደመ። ወላጁ «የድኻ ልጅ ከአራተኛ ክፍል እንዳያልፍ ተፈረደበት» አለ፤ መምህሩ ደመወዙ ሊነካ ነው ብሎ ሠጋ። በየካቲት 1966 መምህራን ሥራ አቆሙ፤ ጥናቱም በዚያው ዓመት ከወደቀው መንግሥት ጋር አብሮ ወደቀ። በጥናቱ ውስጥ ደህና ነገር ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ገበሬው መርምሮ ለመፍረድ ዕድል አላገኘም፤ ማንም አልጠየቀውምና።

በእርሻ በኩል ከዚህ የተሻለ ልማድ አለ። ዲዜድ-01-974 የተባለው የጤፍ ዝርያ ምርቱ ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ የፍሬው ቀለም በገበያ እንደሚፈለገው ነጭ ባለመሆኑ በገበሬው ዘንድ እምብዛም አልተያዘም። የደብረ ዘይት ተመራማሪዎች «ገበሬው ግንዛቤ አነሰው» ብለው መዝገባቸውን አልዘጉም። ገበሬው ያለውን ሰምተው፣ ያን ዝርያ ፍሬው ነጭ ከሆነው ከዲዜድ-01-196 ጋር አዳቀሉትና እ.ኤ.አ. በ2006 ቁንጮን አወጡ። ቁንጮ በገበሬው ማሳ ላይ ገበሬው ራሱ እያየ የተመረጠ በመሆኑ ተስፋፋ። ማሳው ላይ ሙከራ ያደረገ ባለሙያ ውጤቱን ለባለ ማሳው ሳያሳይ ቢሄድ በማግስቱ ሌላ ማሳ አይሰጠውም። ትምህርት ቤቱን በተመለከተ ግን መሪው ይህን ያህል እንኳ አይጠይቅም።

ስለ «ግንዛቤ ማነስ» ከተነሣ ዘንድ ሊባል የሚገባ አለ። ስለ ገጠር ትምህርት በተጻፉ ብዙ የምርምር ጽሑፎች መጨረሻ ላይ ተማሪ ለሚቀርበትና ለሚያቋርጥበት ምክንያት ተደጋግሞ የሚሰጠው ስም «የወላጆች የግንዛቤ ማነስ» ነው። የመፍትሔ ሐሳቡም «ለኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማስጨበጫ ትምህርት ቢሰጥ» የሚል ነው። ይህ አነጋገር ሁሉን የሚያጭቁበት ጆንያ ሆኗል። ልጁን በኅዳር ከትምህርት ቤት የሚያስቀር አባት ትምህርት ጠቃሚ መሆኑን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ማሽላው እሸት ይዞ ወፍ ሲወርድበት የሚጠብቅለት ሰው ስለሌለው ነው። ጤፉ ደርሶ ሳለ ዝናብ እንዳይመታው ስለሚሠጋ ነው። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት አረሙ አላለቀም፤ ምዝገባው የሚጓተተውም ከዚህ የተነሣ ነው። በጥር ሠርጉ ይበዛል፤ ከሠርጉም ጋር አንዳንዲት የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሳትመለስ ትቀራለች። በሳምንት አንድ ቀን ገበያ አለ፤ በዚያ ቀን የክፍሉ ወንበር ግማሹ ባዶ ይሆናል። እናት በወለደች ጊዜ ትልቋ ሴት ልጅ ቤት ትቀራለች። ይህን ሁሉ መሪዎች በቃላቸው ያውቁታል። በመጠይቁ ላይ «በጣም እስማማለሁ፣ እስማማለሁ፣ አልስማማም» ከሚሉት ሣጥኖች ውስጥ ግን ለወፍ ጥበቃ የተተወ ሣጥን የለም።

በርግጥ ሁሉም ጥናት እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ «ያንግ ላይቭስ» በተባለው የረጅም ጊዜ ጥናት በኢትዮጵያ በ20 ቦታዎች 3,000 ያህል ልጆች በየጥቂት ዓመቱ ተመላልሰው እየተጠየቁ አድገዋል። ወደ እነዚያው ቤቶች ተመላልሶ በመሄዱ የተማረው ነገር፣ የገጠር ልጅ ሥራን ትቶ የሚማር ሳይሆን ሥራንና ትምህርትን አንድ ላይ የሚሸከም መሆኑን፣ ወንዱ በእረኝነት፣ ሴቷ በቤት ሥራ፣ በቤተሰቡ ላይ ሕመም ወይም ድርቅ ሲደርስም ሸክሙ በልጁ ላይ እንደሚከብድ ነው። እንደዚሁም በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ የተማሩ ልጆች በስምንተኛ ክፍል ምዘና የተሻለ ውጤት ማሳየታቸውን አመልክቷል። ልጁን በእንግሊዝኛ ቶሎ ማስጀመር የሚያዋጣ ለሚመስለው ወላጅ ይህ ትልቅ ወሬ ነው። ሆኖም ወሬው ወደ ስንት ቀበሌ ስብሰባ ደረሰ?

ጥፋቱን ሁሉ በአጥኚው ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። መሪዎችም ራሳቸውን ሊመረምሩ ይገባል። አጥኚው ወላጅ ይጠራልኝ ሲል የሚጠሩት ብዙ ጊዜ የታወቁ ሰዎች ናቸው፤ የምክር ቤት አባል፣ ሞዴል ገበሬ፣ ልጁን እስከ ኮሌጅ ያደረሰ። ልጇን ያስቀረችው መበለት፣ ሁለት ጥማድ መሬት ያለው ጭሰኛ መሰል ወጣት፣ ልጁ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቶ ለሰው ከብት የሚጠብቅለት አባት አይጠሩም። ተጠርተው ቢመጡም ሊቀ መንበሩና ርእሰ መምህሩ ከጎን ተቀምጠው ያዳምጣሉ። በእንደዚህ ያለ ሸንጎ ላይ «መምህሩ ሳምንት ሙሉ አልመጣም» ብሎ የሚናገር ሰው አይገኝም። ልጅማ ጨርሶ አይናገርም። አጥኚው ይዞት የሚሄደው ደግሞ የተነገረውን ነው።

ከዚህ የሚብሰው የቁጥር ነገር ነው። ትምህርት ቤቱ የሚያገኘው ድጎማ በተመዘገበ ተማሪ ቁጥር እየተሰላ ሲመጣ፣ የወረዳው ሪፖርትም ቁጥሩ ከፍ እንዲል ሲጠብቅ፣ በመስከረም የተመዘገበውን ሁሉ እስከ ሰኔ እንደሚማር አድርጎ የማስቀመጥ ፈተና አለ። ልጁ በጥቅምት ከብት ተከትሎ ከሄደ ወራት አልፈዋል፤ በስም መጥሪያው ላይ ግን አለ። ያን መዝገብ ገልብጦ የሚሄድ አጥኚ በሐቀኝነት ሐሰት ይጽፋል። በእሱ ጽሑፍ ላይ ተመሥርቶ የሚወጣው ዕቅድም «በዚህ ቀበሌ መቅረት የለም» ስለሚል ለቀበሌው የሚመጣ መፍትሔ አይኖርም። የማኅበሩ መሪ ለወረዳው ሲል ያበጠውን ቁጥር ለልጆቹ ሲል ሊያፈርጠው የሚችለው ራሱ ብቻ ነው።

ያበጠ ቁጥር ዋጋ እንደሚያስከፍል የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታሪክ ያስታውሳል። ዘመቻው በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ሲጀመር የገበሬ ማኅበራት ቤት ሠርተው፣ መብራት ገዝተው፣ ሽማግሌና ባልቴት ሳይቀር አሰልፈው እንዲማሩ አድርገዋል። ትምህርቱ በ15 ቋንቋዎች ተሰጥቷል፤ ዘመቻውም እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት አግኝቷል። ያ ድካም ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን በሰማንያዎቹ እ.ኤ.አ. ከሕዝቡ ከግማሽ በላይ ማንበብና መጻፍ መቻሉ በይፋ ሲነገር ከቆየ በኋላ፣ በ1987 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ዕድሜያቸው ከአሥር ዓመት በላይ ከሆኑት ማንበብና መጻፍ የሚችሉት ሩብ እንኳ አልሞሉም። ፊደል ቆጥሮ የሚያነበው አጥቶ የረሳም ብዙ ነው፤ ጦርነትና ረሃብም የራሳቸውን አድርገዋል። ቢሆንም በየማኅበሩ የተመዘገበው ቁጥር ቀድሞ በትክክል ተይዞ ቢሆን ኖሮ፣ የሚረሳውን ሰው የሚያግዝ መጽሐፍና ቀጣይ ትምህርት ቀድሞ በተጠየቀ ነበር።

ስለዚህ የሚቀጥለው ደብዳቤ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ሲቀርብ ሊደረግ የሚገባው ከባድ አይደለም። መጀመሪያ፣ ጥናቱ ስለ ምን እንደ ሆነና በማን እንደሚነበብ በስብሰባ ፊት ራሱ ያስረዳ። በገጠር ስም የሚጽፍ ሰው ሲመጣ ግብር ሊጨመር ነው፣ መሬት ሊለካ ነው የሚል ሥጋት አሁንም አለና፣ ያልተረዳ ሰው እውነት አይናገርም። መልስ መስጠት ግዴታ አለመሆኑም ይነገር። ልጅ ከመጠየቁ በፊት የወላጁ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ስሙም አይጻፍ። ከዚያ በኋላ መሪው ከአጠገቡ ይነሣለት። ቁጭ ብሎ ማዳመጥ እንግዳ አክባሪነት ሊመስል ይችላል፤ ለጥናቱ ግን አይበጅም። የሚጠየቁት ሰዎችም ከመንገድ ዳር ካሉት ጎጦች ብቻ ሳይሆን ከወንዙ ማዶ ካሉት ጭምር ይሁኑ፤ ክረምት ሲገባ ልጆቹ ወንዝ መሻገር የሚያቅታቸው እነዚያ ናቸው።

ደብዳቤው ላይ ፊርማ ከማረፉ በፊት ግን አንድ ቃል ይወሰድበት፤ ጽሑፉ ሲጸድቅ የተገኘውን በሁለት ገጽ፣ በአማርኛ ወይም በአካባቢው ቋንቋ ጽፎ ለማኅበሩና ለትምህርት ቤቱ ሊልክ፣ ቢችልም ራሱ መጥቶ በወላጅ ስብሰባ ላይ ሊያነበው። ይህ ግፍ አይደለም። እነዚህ ወጣቶች በትንሽ ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜም ከመምህርነት ደመወዛቸው ቆርሰው የሚያጠኑ ስለ ሆኑ ትልቅ መጽሐፍ ይታተም ማለት አይገባም። ሁለት ገጽ ግን ከብዕር በቀር ወጪ የለውም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትም የድጋፍ ደብዳቤ ሲሰጥ ይህንኑ በደብዳቤው ውስጥ ቢያስገባው ለመሪዎቹ ይቀላቸዋል። ሁለቱ ገጾች ሲመጡም በሊቀ መንበሩ ኪስ አይቅሩ፤ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ጮክ ተብለው ይነበቡ፤ ስሕተት ካለባቸው ሕዝቡ ይናገር። የአንድ ወጣት ጽሑፍ ሕግ አይደለም፤ በአንድ ወረዳ ያየውን በሌላው ላይ መጫን አይቻልምና መታረሙ አያስነውርም።

እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2022 በትግራይ፣ በአማራና በአፋር በተካሄደው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ወድመዋል፤ መዝገባቸው የተቃጠለም አሉ። በዚያ ላለ መሪ የመጀመሪያው ሥራ ልጁን ወደ ክፍል መመለስ መሆኑ ግልጽ ነው። ሆኖም መዝገብ በጠፋበት ቀበሌ ማን ቀረ፣ ማን ሄደ የሚለውን አስታውሶ የሚጽፍ ሰው ከየትም አይመጣም፤ ከዚያው ከማኅበሩ ነው።

ትምህርት ቤቱ ክፍት በሆነበት ቀበሌ ደግሞ አጥኚ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም። አንድ ባለ መስመር ደብተር ይበቃል። በአራት ዓምድ ይሠመር፤ ቀን፣ ክፍል፣ ወንድ ወይም ሴት፣ የቀረበት ምክንያት። ምክንያቱ በአጭር ቃል ይጻፍ፤ ከብት፣ አረም፣ አጨዳ፣ ገበያ፣ ሕመም፣ ልቅሶ፣ ደብተር ማጣት፣ ርሃብ፣ መምህሩን መፍራት። ከበስተጀርባውም መምህር ያልገባባቸው ቀኖች ይመዝገቡ፤ ደመወዝ ለመቀበል ወደ ወረዳ ከተማ የሄደበት ቀን ጭምር። ደብተሩን ርእሰ መምህሩ ብቻውን እንዳይዘው፣ በቀበሌው ካሉት አሥረኛ ክፍል ካጠናቀቁት ወጣቶች አንዷ ወይም አንዱ ከአንድ ወላጅ ጋር ሆኖ በየዓርቡ ይሙላው። በመስከረም ከተጀመረ እስከ ጥር ድረስ የአጨዳው ወራት በሙሉ በውስጡ ይገባሉ። በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት መግቢያ ላይ የቀበሌው የትምህርትና ሥልጠና ቦርድ ሲሰበሰብ ገጾቹ ይቆጠሩ፤ ከፍተኛው ምክንያት አጨዳ ሆኖ ከተገኘ በሚቀጥለው ዓመት በነዚያ ሁለት ሳምንታት የትምህርቱ ሰዓት ወደ ማለዳ ይዛወር ዘንድ ለወረዳው በጽሑፍ ይጠየቅ፤ መምህሩን መፍራት ሆኖ ከተገኘም መጀመሪያ የሚጠራው ወላጁ አይሁን።